ደብሪቱ፣ ሰካራሙ ሞተር እና አንድ ብርጭቆ ቤንዚን

«ነገር ነገር!» ስላችሁ «ውሃ ይሻገር!» በሉኝ። ወሬው እንደ ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ጫፉን ካልያዛችሁልኝ መሃል ላይ ይጥለኛል።

ነገር ነገር!

በስምጥ ሸለቆ፣ በአንድ ሰፊ ሐይቅ መሃል፣ ዝግባ የምትባል ደሴት ነበረች። በዚያች ደሴት ደብሪቱ የምትባል ዓሣ አስጋሪ ትኖር ነበር። ባሏ ሲሞት አንዲት ጀልባና ከጀልባዋ ኋላ የሚንጠለጠል አንድ ሞተር ትቶላት ሄደ። የደሴቱ ወንዶች መጥተው፣ «ደብሪቱ፣ ሞተሩን ሽጪው። ሞተር የሴት እጅ አይወድም» አሏት።

«የወንድም እጅ አይወድም። እሱ የሚወደው መጠጥ ነው» አለቻቸውና መረቧን ጭና ወጣች።

እውነቷን ነው። የሞተሩ ስም ሰካራሙ ነበር፤ ስሙን ያወጣለትም ሟቹ ባሏ ነው። ሌላው ሞተር ቤንዚን ካጣ ያኮርፋል። ሰካራሙ ግን ያገኘውን ይጠጣል። ቤንዚን ሲሰጡት ቤንዚን፣ የኩራዝ ላምባ ሲሰጡት ላምባ፣ ናፍታ ከላምባ ደባልቀው ቢሰጡትም ፊቱን አያዞርም። አንድ ክፉ አመል ብቻ ነበረችበት። ከበረደ በኋላ በላምባ አይነቃም። አናቱ ላይ ባለችው ትንሽ ጽዋ ቶሎ የሚቀጣጠል ነገር፣ አንድ ብርጭቆ ቤንዚን፣ መቅመስ አለበት። አንዴ ከነቃና ከሞቀ ግን በላምባ ሐይቁን ዞሮ ይመለሳል።

በአንድ የገበያ ቀን ደብሪቱ ዓሣዋን ጭና ወደ ከተማው ዳርቻ ተሻገረች። ዓሣዋን ሸጠች፣ አንድ ጀሪካን ላምባ ገዛች። ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት፤ የበኩር ልጇን ያረገዘች፣ ቀኗ ገና ነው የተባለች። ለትርንጎ የአጥሚት ገብስ ጎንበስ ብላ ስትመርጥ ስልኳ ጮኸ። ጎረቤቷ ጫልቱ ነበረች።

«ደብሪቱ፣ ቶሎ ነይ! ትርንጎን ምጥ ያዛት!»

«ምን? ቀኗ መች ደረሰና?»

«ሕፃኑን ጠይቂው። ሆዷን ዳሰስኩት፤ ራሱ ከላይ ነው፣ በእግሩ ነው የሚመጣው። እኔ የምችለው አይደለም፤ ከተማው ጤና ጣቢያ መድረስ አለባት። እዚህ ያለው የደንገል ታንኳ ነው፤ በዚህ ንፋስ እሷን አሳፍሬ አልወጣም። ያንቺን ጀልባ ነው የምንጠብቀው!»

ደብሪቱ ገብሱን እዚያው ጥላ ሮጠች። ጀልባዋ ላይ ዘላ ወጣች፤ የሞተሩን ገመድ ሳበች። ሰካራሙ አንዴ አጉረመረመና ተኛ። ደግማ ሳበች። ዝም። ጽዋዋን ብትከፍታት ደርቃለች።

ሰካራሙ ካልነቃ ደብሪቱ አትሻገርም። ደብሪቱ ካልተሻገረች ትርንጎ ከሐኪም አትደርስም። የሚያስፈልጋት ትንሽ ነገር ናት፤ አንድ ብርጭቆ ቤንዚን ብቻ።

የከተማው ማደያ ከደረቀ ሰነባብቷል። ቤንዚን የሚገኘው ከውሃው ዳር ሱቅ ካለው ከኑሪ ዘንድ ነበር። ኑሪ ገና ጎልማሳ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ግን ፈሪ ነው። ከባንኮኒው ኋላ ጀሪካኖች ተደርድረዋል።

«ኑሪ ልጄ፣ አንድ ብርጭቆ ቤንዚን ስጠኝ። ኑሪ ካልቀዳ ሰካራሙ አይነቃም። ሰካራሙ ካልነቃ እኔ አልሻገርም። እኔ ካልተሻገርኩ ልጄ አትደርስም።»

ኑሪ አንገቱን ደፋ። «እማማ ደብሪቱ፣ የኔ ቢሆን በባልዲ እቀዳልሽ ነበር። የአቶ ይርዳው አደራ ነው። አንድ ብርጭቆ ብቀንስ አደራ በላ እባላለሁ። እሳቸው ይፍቀዱና ውሰጂ።»

«የሰው ነፍስስ አደራ አይደለም?»

ኑሪ ጀሪካኖቹን አየ እንጂ አልነካቸውም።

«እምቢ ካልክ እምቢ በል፤ እኔ ግን አልቀርም!» አለችና መቀነቷን አጥብቃ ወደ አቶ ይርዳው ሄደች።

አቶ ይርዳው ትልቁን የጭነት ጀልባ የያዙ ሰው ናቸው። ጀልባ መባል ስለማይወዱ አገሩ ሁሉ «መርከብ» ይልላቸዋል። መርከባቸው ዳር ቆሟል፤ እሳቸውም ጥላ ዘርግተው ከላዩ ተቀምጠዋል።

«አቶ ይርዳው፣ ልጄ ምጥ ላይ ናት። አንድ ብርጭቆ ቤንዚን ይፍቀዱልኝ። እርስዎ ካልፈቀዱ ኑሪ አይቀዳም። ኑሪ ካልቀዳ ሰካራሙ አይነቃም። ሰካራሙ ካልነቃ እኔ አልሻገርም። እኔ ካልተሻገርኩ ልጄ አትደርስም። ወይም በመርከብዎ ያድርሱኝ።»

«መርከብ ባዶውን አይሄድም» አሉ አቶ ይርዳው። «ወዲያኛው ዳር ያለው የመንገድ ሥራ ካምፕ ዱቄት ይጠብቃል። ቤንዚኑ ለዚያ ጉዞ የተለካ ነው። ዱቄቱ ይጫን፣ መርከቡ ደርሶ ይመለስ፣ የሚተርፈው ይታወቅ፤ ያኔ ብርጭቆሽን ይዘሽ ነይ።»

«ያኔማ ምን ያደርግልኛል?»

«ሴት መውለድ ዛሬ አልጀመረችም። በሰላም ትገላገላለች። ይልቅ ከቸኮልሽ ገመቹን ቶሎ እንዲፈጭ ንገሪው።»

ደብሪቱ ከጥላቸው ሥር ቀና ብላ አየቻቸው። «እምቢ ካሉ እምቢ ይበሉ፤ እኔ ግን አልቀርም!» አለችና ወደ ወፍጮ ቤቱ ገሰገሰች።

ወፍጮ ቤቱ ጭር ብሏል። ስንዴው በጆንያ ተቆልሏል፤ ሴቶች እህላቸው ላይ ተቀምጠው ያዛጋሉ። ባለወፍጮው ጋሽ ገመቹ ቆመው ማሽናቸውን በጎሪጥ ያዩታል።

«ጋሽ ገመቹ፣ ይፍጩልኝ! እርስዎ ካልፈጩ አቶ ይርዳው አይጭኑም። አቶ ይርዳው ካልጫኑ ቤንዚን አይፈቅዱም። እሳቸው ካልፈቀዱ ኑሪ አይቀዳም። ኑሪ ካልቀዳ ሰካራሙ አይነቃም። ሰካራሙ ካልነቃ እኔ አልሻገርም። እኔ ካልተሻገርኩ ልጄ አትደርስም!»

«በምኔ ልፍጭ፣ እታለም?» አሉ ጋሽ ገመቹና ከመሬት አንድ ነገር አንስተው አሳዩአት። ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያያይዘው ሰፊው ቺንጋ ነው፤ ከመሃሉ ተበጥሷል። «ጠዋት ተበጠሰብኝ። ባሻ ለገሰ ካልሰፉት ወፍጮው አይዞርም። ባሻ ደግሞ ዛሬ እሺ አላሉም። እኔ ምን ላድርግ? መቀመጥ ነው።»

«እርስዎ ይቀመጡ! እኔ ግን አልቀርም!» አለችና ቺንጋውን ከእጃቸው ነጥቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ከሴቶቹ አንዷ፣ «በርቺ እናቴ!» ስትል ሰማቻት።

ባሻ ለገሰ ከዋርካው ሥር ጫማ የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ወስፌአቸው ከጉልበታቸው ላይ ነው። እጃቸው ግን እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል።

«ባሻ፣ ይህን ቺንጋ ይስፉልኝ! እርስዎ ካልሰፉ ጋሽ ገመቹ አይፈጩም። ጋሽ ገመቹ ካልፈጩ አቶ ይርዳው አይጭኑም። አቶ ይርዳው ካልጫኑ ቤንዚን አይፈቅዱም። እሳቸው ካልፈቀዱ ኑሪ አይቀዳም። ኑሪ ካልቀዳ ሰካራሙ አይነቃም። ሰካራሙ ካልነቃ እኔ አልሻገርም። እኔ ካልተሻገርኩ ልጄ አትደርስም!»

ባሻ እጃቸውን አነሱና አሳዩአት። «እዪው። ይህ እጅ ወስፌ ይጨብጣል? ጠዋት ሁለት መለኪያ አረቄ ካልቀመስኩ እንዲህ ነው የሚሆነው። ደብቄሽ ምን አገኛለሁ? ማንጠግቦሽ ዛሬ አረቄ የለም ብላ መለሰችኝ። እሷ ካወጣች እሰፋልሻለሁ።»

«ልሞክረው አይሉም እንዴ፣ ባሻ?»

«ሞከርኩ እኮ። መዳፌን ወጋሁት።» እውነትም መዳፋቸው በጨርቅ ታስሯል።

ደብሪቱ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ጨርቁን አይታ ተወችው። ቺንጋውን አጠገባቸው አስቀመጠች። «እንግዲያው እዚህ ይቆይዎት። እኔ ግን አልቀርም!» ብላ ወደ ማንጠግቦሽ ቤት ሮጠች። ፀሐይ ዘንበል እያለች ነው። ንፋሱ አቧራውን እያስነሳ ነው። ስልኳ ደግሞ ጮኸ፤ ጫልቱ «የት ደረስሽ?» ብላ ዘጋችው።

እትዬ ማንጠግቦሽ አረቄ የምታወጣ፣ ቁጡና ኩሩ ሴት ናት። ደጇ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ጥንስሱ የሞላባቸው ጋኖች ይታያሉ፤ ምድጃው ግን አመድ ነው።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ በሞቴ አረቄ አውጪ! አንቺ ካላወጣሽ ባሻ ለገሰ አይሰፉም። ባሻ ለገሰ ካልሰፉ ጋሽ ገመቹ አይፈጩም። ጋሽ ገመቹ ካልፈጩ አቶ ይርዳው አይጭኑም። አቶ ይርዳው ካልጫኑ ቤንዚን አይፈቅዱም። እሳቸው ካልፈቀዱ ኑሪ አይቀዳም። ኑሪ ካልቀዳ ሰካራሙ አይነቃም። ሰካራሙ ካልነቃ እኔ አልሻገርም። እኔ ካልተሻገርኩ ልጄ አትደርስም!»

ማንጠግቦሽ ሳቀች፤ የመረረ ሳቅ ነው። «ጥንስሱማ ደርሷል፤ ሊበላሽብኝ ነው። እንጨት የለኝም። የገዛሁት እንጨት ተፈልጦ፣ ታስሮ፣ እዚያው እናንተ ደሴት ዳር ተከምሯል። የሚያመጣልኝ ጠፋ።»

«ማን ነበር የሚያመጣልሽ?»

«ያንቺው ጀልባ ነዋ! ያንቺው ሰካራም!»

ደብሪቱ ባለችበት ቆመች።

ያዛችሁልኝ? እንግዲህ ሰንሰለቱ ዞሮ ጭራውን ነከሰ። ሰካራሙ ካልነቃ እንጨት አይመጣም። እንጨት ካልመጣ ማንጠግቦሽ አታወጣም። ማንጠግቦሽ ካላወጣች ባሻ አይሰፉም። ባሻ ካልሰፉ ገመቹ አይፈጩም። ገመቹ ካልፈጩ ይርዳው አይጭኑም። ይርዳው ካልጫኑ አይፈቅዱም። ይርዳው ካልፈቀዱ ኑሪ አይቀዳም። ኑሪ ካልቀዳ ሰካራሙ አይነቃም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ራሱን ይዞ ይቀመጥ ነበር።

ደብሪቱ አልተቀመጠችም። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ዓይኗ ቤት ውስጥ ገባ። ከመደርደሪያው ጫፍ፣ በቡሽ የተደፈነ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት አንድ ጠርሙስ አየች።

«ያ ምንድን ነው?»

«እሱን ተዪው!» አለች ማንጠግቦሽ ብድግ ብላ። «አይሸጥም። ደጋግሜ ያወጣሁት፣ የመጀመሪያው ጠብታ ብቻ ነው። ክብሪት ብታስጠጊለት ሰማያዊ ነበልባል ይነሳል። ለባሻም አልሰጠሁትም፤ ማንም አይጠጣው፤ ጉሮሮ ያነዳል። ለቤቴ ስም ነው ያስቀመጥኩት።»

«ክብሪት ቢያስጠጉለት ይነዳል?»

«ይነዳል እንጂ!»

«እንግዲያው ስጪኝ። ሰካራሙ ጉሮሮ የለውም!»

ማንጠግቦሽ በሩን በሰውነቷ ዘጋች። «እምቢ! የቤቴ ስም ነው አልኩሽ።»

ደብሪቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። ኑሪ አደራ አለኝ። ይርዳው ዱቄት አሉኝ። ገመቹ ቺንጋ አሉኝ። ባሻ እጄ አሉኝ። አንቺ እንጨት አልሽኝ። ሁላችሁም ወደ ሌላ ሰው ጠቆማችሁኝ፤ ሁላችሁም እውነት አላችሁ። ልጄ ግን እውነታችሁን ሰምታ አትወልድም። ጠርሙሱን ካልሰጠሽኝ እዚህ እንታገላለን። አንቺ ወፍራም ነሽ፣ እኔ ግን መረብ ጎታች ነኝ።»



«ወልጄ አላውቅም ብለሽ ነው ወይ እንዲህ የምትቆጪኝ?» አለች ማንጠግቦሽ ቀስ ብላ። ከዚያ ዞር ብላ ጠርሙሱን አወረደችና ከመቀነቷ ውስጥ ሻጠችው። «ለማንም አልሰጥም። እኔ እይዘዋለሁ። ጠርሙሴ የሄደበት እሄዳለሁ። ነይ!»

ሁለቱም ወደ ሐይቁ ሮጡ። ሰንሰለቱ ግን ዝም ብሎ የሚበጠስ እንዳይመስላችሁ።

ዋርካው ሥር ሲደርሱ ባሻ ለገሰ ቀይ ክሩን አዩት። ተነስተው መንገዱ ላይ ቆሙ። «ማንጠግቦሽ! የለም አላልሽኝም? አምጪው! እኔ ልቅመስ፤ እጄ ይረጋል፤ ቺንጋውን እሰፋለሁ!»

«አይሆንም!» አለች ደብሪቱ።

ባሻ የጠርሙሱን አንገት ጨበጡ። ቡሹን አሸተቱ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጅሽ ናት አይደል ያልሽኝ?» አሉ። የሚንቀጠቀጡት ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ተላቀቁ። «ሂዱ። ሃሳቤን ሳልቀይር ሂዱ!»

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ገመቹ ሮጠው ወጡ። «ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ባሻ ይጠጡ፣ ቺንጋው ይሰፋ፣ ወፍጮው ይዙር፤ ነገር በተራው ነው!»

«ተራው የእኔ ነው!» አለች ደብሪቱ ሳትቆም። እህላቸው ላይ ተቀምጠው የነበሩት ሴቶች ብድግ ብድግ እያሉ ተከተሏት።

ውሃው ዳር ሲደርሱ አቶ ይርዳው ከመርከባቸው ወርደው ጠበቋቸው። ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል። አንድ እግራቸውን በደብሪቱ ጀልባ ማሰሪያ ላይ አሳርፈዋል። «ያን ጠርሙስ ለለገሰ ስጪ። ዱቄቴ ዛሬ መጫን አለበት። እዚህ ዳር ሥርዓት አለ።»

«አቶ ይርዳው፣ እግርዎን ያንሱ።»

«ባላነሳስ?»

«ገመዱን እቆርጠዋለሁ። እግርዎ ከገመዱ ጋር ከሆነ እሱንም አልምረውም።» የዓሣ ቢላዋዋን አወጣች። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ቀረብ ቀረብ ብለው ቆሙ።

አቶ ይርዳው ሴቶቹን አዩ፤ ቢላዋውን አዩ፤ እግራቸውን አነሱ።

ያን ጊዜ ኑሪ ከሱቁ ወጣ። ማንንም ሳያይ፣ ሱሪውን ሳይሰበስብ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ ጀልባዋን ገፋላቸው።

ማንጠግቦሽ ቡሹን በጥርሷ ነቀለች። «በስሜ ጠጣ!» ብላ ጽዋዋን ሞላች። ደብሪቱ ገመዱን ሳበች። ሰካራሙ አሳለው። ደግማ ሳበች። አስነጠሰው፤ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፤ ጠፋ። ንፋሱ ጀልባዋን ወደ ዳር መለሳት።

«ጨምሪለት!»

ማንጠግቦሽ ጨመረች። ደብሪቱ እግሯን ከጀልባዋ ወለል ተክላ፣ መረብ እንደምትጎትት ሙሉ ትከሻዋን ሰጥታ ሳበች። ሰካራሙ ጮኸ! ሐይቁን የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸ። ጥቂት አሞቀችው፤ ከዚያ የላምባውን ቧንቧ ከፈተችለት። ድምፁ ጎረነነና ያዘ። ዳር ላይ ያሉት ሴቶች እልል አሉ።

ንፋሱ ከፊት ነበር። ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሳ ይጥላታል። ማንጠግቦሽ በጣሳ ውሃ እየቀዳች ትደፋለች፤ ደብሪቱ የሞተሩን እጀታ ይዛ ዓይኗን ከዝግባ ደሴት አልነቀለችም።

የደሴቷ ሰዎች ትርንጎን በቃሬዛ ይዘው ዳር ላይ ጠበቋቸው። ፊቷ አመድ መስሏል። ጀልባዋ ግን ወለሏ ውሃ ቋጥሯል። «በዚህ ቅዝቃዜ ላይ አትተኛም!» አለች ጫልቱ። ማንጠግቦሽ ዞር ብላ የእንጨቷን ክምር አየች። እስር እንጨቶቹን ጀልባዋ ውስጥ ደረደሩ፤ በላዩ ሳር፣ በሳሩ ላይ ጋቢ አነጠፉ፤ ትርንጎን ከላይ አስተኟት። ጫልቱም ከጎኗ ገባች። ሰካራሙ አልበረደም ነበርና በላምባው ብቻ ተነሳ።

መሃል ሐይቅ ላይ ትርንጎ የእናቷን ቀሚስ ጨመደደች። «እማዬ፣ አልቻልኩም።»

«እምቢ በይ፣ ልጄ። ደክሞሻል፤ ድካሙን እምቢ በይው።»

«እምቢ ብያለሁ» አለች ትርንጎ ጥርሷን ነክሳ። «እምቢ ብያለሁ!»

ከተማው ዳርቻ ሲደርሱ ኑሪ የጤና ጣቢያውን ሰዎች ቃሬዛ አስይዞ ዳር ላይ አቁሟቸው ነበር። አዋላጇ ሰሚራ ትርንጎን ስታይ እጅጌዋን ሰበሰበች። ጤና ጣቢያ አስገቧት፤ በሩ ተዘጋ። ደብሪቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ «ተቀመጪ» ቢሏት አልተቀመጠችም። ሕፃኗ በእግሯ መጣች። ተወልዳ ዝም አለች። ሰሚራ ጀርባዋን አሸች፤ አፏን ጠረገች፤ እንደገና አሸች። ደብሪቱ ከበሩ ውጭ ሆና ዝምታውን ሰማችው፤ በሕይወቷ እንደዚያ የሚያስፈራ ነገር ሰምታ አታውቅም። ከዚያ አንዲት ቀጭን የቁጣ ድምፅ ተሰማች። እየበረታች፣ እየበረታች ሄደች።

«ሴት ናት» አለች ሰሚራ በሩን ከፍታ። «ገና ከአሁኑ ተናዳለች።»

ደብሪቱ ያን ጊዜ ተቀመጠች።

ሰንሰለቱስ? ሰንሰለቱማ በዚያው ተፈታ። ሰካራሙ ስለነቃ እንጨቱ መጣ። እንጨቱ ስለመጣ ማንጠግቦሽ አረቄ አወጣች። ማንጠግቦሽ ስላወጣች የባሻ ለገሰ እጅ ረጋ። እጃቸው ስለረጋ ቺንጋው ተሰፋ። ቺንጋው ስለተሰፋ ጋሽ ገመቹ ፈጩ። ጋሽ ገመቹ ስለፈጩ አቶ ይርዳው ጫኑ። አቶ ይርዳው ስለጫኑ መርከቡ ደርሶ ተመለሰ። መርከቡ ስለተመለሰ የተረፈው ታወቀ። የተረፈው ስለታወቀ ኑሪ ቀዳ። በትንሽ ጠርሙስ ቀድቶ፣ አፉን አሽጎ፣ ትርንጎ ወዳለችበት ጤና ጣቢያ መጣ።

«እማማ ደብሪቱ፣ አቶ ይርዳው ፈቅደዋል። ያው ብርጭቆሽ።»

ደብሪቱ የልጅ ልጇን ታቅፋ ጠርሙሱን ተመለከተችው። ሕፃኗን ለትርንጎ መለሰች። ጠርሙሱን ይዛ በቀጥታ ወደ ውሃው ዳር ወረደች። አቶ ይርዳው መርከባቸውን እንደገና ሊጭኑ ቆመዋል፤ ጋሽ ገመቹም ባሻም ማንጠግቦሽም የወፍጮ ቤቱ ሴቶችም እዚያው ናቸው።

«አቶ ይርዳው፣ ይህን አልወስደውም» አለች። «በኑሪ ሱቅ፣ ጥላ ባለበት ይቀመጣል። ምጥ የያዛት፣ ሕመም የጠናባት፣ የምትሻገርበት ያጣች ትወስደዋለች። ማንም አይጠይቃትም፤ ማንም አይፈቅድላትም። ሲያልቅ እርስዎ ይሞሉታል።»

«እኔ? እምቢ ብልስ?» አሉ አቶ ይርዳው።

መጀመሪያ የመለሰችው ማንጠግቦሽ ናት። «እምቢ ካሉ እኔ አረቄ አላወጣም።»

ባሻ ለገሰ ወስፌአቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እሷ ካላወጣች እኔ አልሰፋም።»

ጋሽ ገመቹ አመነቱ፤ ከኋላቸው ያሉትን ሴቶች ገልመጥ አድርገው አዩ። «እሳቸው ካልሰፉ እኔ አልፈጭም። እኔ ካልፈጨሁ እርስዎ አይጭኑም።»

ደብሪቱን ተከትሎ የመጣው ኑሪ ደግሞ «አደራዎንም ይውሰዱ» አለ። «ከእንግዲህ ጀሪካንዎን አላስቀምጥም።»

አቶ ይርዳው አንድ በአንድ አዩአቸው። የሚጠቁሙበት ሌላ ሰው ፈለጉ፤ አጡ። መርከባቸው ላይ ወጥተው ጥላቸውን ዘረጉ፤ መልሰው አጠፉት።

«ሙላው፣ ኑሪ» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው። «ብርጭቆ ምን ትሠራለች? በሙሉ ጠርሙስ አድርገው።»

እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው። አፌ ደረቀ፤ እስቲ ውሃ አቀብሉኝ።